ዜድ ሦስት መስመር አይደለችም!

አሁን ከቢሮ መውጣቴ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ንዴቱ አልበረደልኝም። ነገሩ በኮምፒውተር ስለምስለው የመጋዘን ጣሪያ ነው።

ፐርሊኑ፣ ማለትም የጣሪያውን ቆርቆሮ የሚሸከመው አግዳሚ ብረት፣ ከላሜራ በZ ፊደል ቅርጽ የሚታጠፍ ዜድ ነው። ሬቪት (ሕንፃ የምንስልበት ሶፍትዌር) ላይብረሪ ውስጥ የተለመዱት የብረት ቅርጾች፣ አይፒኢ ሞልቷል፣ ኤችኢኤ ሞልቷል። የእኛ አቅራቢ የሚያጥፈው ዜድ በልኩ የለም። ስለዚህ ፋሚሊው (ሬቪት ውስጥ የሚገባው የፕሮፋይሉ፣ ማለትም የቁርጡ ቅርጽ፣ ሞዴል) ከባዶ መሠራት አለበት። ይሄንን በቃል ተናግሬያለሁ፣ በኢሜይልም ጽፌያለሁ። ማን ያነባል?

እና ዛሬ ስብሰባ ላይ፣ የአሠሪው ተወካይ ባለበት፣ ኮንትራክተሩ ባለበት፣ ለልምምድ የመጡት ልጆች ሳይቀሩ ባሉበት፣ አለቃችን ወደ እኔ ዞሩ።

«ጣሪያው የታለ?»

«ኢንጂነር፣ የፐርሊኑን ፕሮፋይል እየጨረስኩ ነው።»

«የምን ፕሮፋይል?»

«የዜዱን። ላይብረሪው ውስጥ ስለሌለ...»

«ዜድ? እንዴ ልጄ! ዜድ እኮ ሦስት መስመር ናት!» ብለው በጣታቸው አየር ላይ ጻፏት። «እኛ በራፒዶ ብዕር በእጃችን ስንስል ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እንጨርሳት ነበር!»

ሁሉም ሳቀ። ኮንትራክተሩማ ጠረጴዛ እየደበደበ ነው የሳቀው። ይሄ ሰውዬ እኮ ነው ባለፈው 2 ሚሊሜትር ላሜራ ተብሎ 1.5 ገዝቶ «ያው ነው» ያለኝ! ያው አይደለም! ክብደቱ ሩቡ ሄደ ማለት ነው፣ ቀጭን ላሜራ ደግሞ የብረቱ አቅም ገና ሳያልቅ ይሸበሸባል። ዩሮኮድ 3፣ የአውሮፓው የብረት ግንባታ ደንብ፣ ለታጠፈ ላሜራ 1-3 የሚባል ራሱን የቻለ ክፍል የመደበው ለጌጥ አይደለም።

ሦስት መስመር አሉ። እሺ እንቁጠር። ከንፈር (ጫፏ ላይ የታጠፈ አጭር ጠርዝ) ያላት ዜድ አምስት ቀጥ ያለ ክፍልና አራት እጥፋት አላት። ላሜራው ውፍረት ስላለው ሁሉም ውስጥና ውጭ አለው። አሥር መስመር፣ ስምንት ቅስት፣ ጫፍና ጫፉን የሚዘጉ ሁለት መስመሮች። 20! የውጭው ቅስት ራዲየስ የውስጡ ላይ ውፍረቱ ተደምሮ ነው፤ ይሄን በፎርሙላ ካላሰርከው ውፍረቱን ስትቀይር ሬቪት «ኮንስትሬይንትስ አር ኖት ሳቲስፋይድ» (ያሰርካቸው ልኮች አልተሟሉም) ይልሃል፣ ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ደግሞ ሁለቱ ክንፎች (የዜዷ የላይና የታች አግዳሚዎች) እኩል አይደሉም፣ አንዱ ትንሽ ሰፋ ይላል። ለምን? ፐርሊኖቹ ድጋፍ ላይ ሲደራረቡ አንዷ ተገልብጣ ሌላኛዋ ውስጥ እንድትገጥም ነዋ! ራፒዶ ይሄን ሁሉ አይጠየቅም። ራፒዶ ኪሎ አያወጣም። እኔ የሠራሁት ፕሮፋይል ግን ክብደት ይወጣበታል፣ ብረት ይታዘዝበታል፣ ወደ ስሌት ሶፍትዌር ሲላክም የቅርጹ ዓይነት በትክክል ካልተሞላ ዜዷ እዚያ ማዶ ማን እንደሆነች አትታወቅም። ከዚያ «ሞዴሉ ለምን አልሄደም?» ተብላ የምትጠራው ማን ናት? እኔ!

የሚያናድደኝ ደግሞ፣ ይቺው ዜድ ድሮ ለሌላ ፕሮጀክት ተሠርታ ነበር። የሠራት ልጅ ሥራ ሲለቅ ከላፕቶፑ ጋር ሄደች። ሰርቨር ላይ ይቀመጥ ብዬ ስንቴ ለመንኩ። «ከኢንተርኔት አውርጂ» ይሉኛል። የማወርደው በአዲስ ቨርዥን የተሠራ ነው፣ እኛ ያለን አሮጌ ነው፣ አዲሱ በአሮጌው አይከፈትም። ቨርዥን ይቀየር ስል በጀት የለም። ለስብሰባ ቆሎና ለውኃ ግን በጀት አለ! መብራቱን እንተወው። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ያልተቀመጠው ሥራ ሄዷል፣ ዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይገዛም።

ሊጡ ሳይቦካ እንጀራ ካልወጣ ብለው ምጣዱ ላይ የሚጮኹ ሰዎች ናቸው። ደክሞኛል፣ እውነት። መልስ መስጠት እንኳን ደከመኝ። ዝም አልኩ፣ ዝምታዬም «ገባት» ተብሎ ተቆጠረ።

ይሄው ደግሞ ሰልፉ ላይ እያለሁ ቴሌግራም ገባ። ኮንትራክተሩ ነው። «ዜድ ገበያ ላይ ስለጠፋ በሲ (C) ቅርጽ ይቀየርልን፣ ነገ ጠዋት ይድረሰን፤ ኢንጂነሩም ተስማምተዋል።»

ነገ ጠዋት አይደርስም። ይሄንንም በጽሑፍ እመልስለታለሁ፣ ሁሉንም ሲሲ አድርጌ። ሲውም ዜዱም ሰርቨር ላይ ይገባሉ፣ ልካቸውና ውፍረታቸው ስማቸው ላይ ተጽፎ፣ ማንም ይዟቸው እንዳይሄድ።