ለመጫወት የቀረበ ማመልከቻ

ልጆች ሳለን ዕቃ ዕቃ ስንጫወት የቅጥር ኮሚቴ አልነበረንም። ቀድሞ የደረሰ አባት ይሆናል። የዘገየ ሕፃን ይሆናል። አልሆንም ያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጭቃው በቆርቆሮ ይቦካል፣ ሁሉም «በልቶ» ይበተናል። አባት የሆነውን ልጅ «የአባትነት ልምድህን በሁለት ገጽ አብራራ» ያለው ሰው ትዝ አይለኝም።

ዛሬ ዕቃ ዕቃው ኦንላይን ገብቷል። ሮልፕሌይ ይባላል። ጎረምሳው ብቻ ሳይሆን ጢሙ የሸበተውም አለበት። የእህቴ ልጅ የሚጫወተው ጂቲኤ በሚባል የኮምፒውተር ጌም ላይ ነው። ጂቲኤ 5 እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ዋናው ሥራ መኪና መንጠቅና ከፖሊስ ማምለጥ ነበር። ኋላ ሰዎች ፋይቭኤም በሚባል ፕሮግራም የየራሳቸውን ሰርቨር፣ ማለትም ብዙ ሰው በራሳቸው ሕግ አንድ ላይ የሚጫወትበትን የኦንላይን ቦታ፣ ከፈቱ። በሎስ አንጀለስ አምሳል የተሠራችውን ሎስ ሳንቶስን በነዋሪ ሞሏት። ፖሊሱም፣ ሌባውም፣ የአምቡላንስ ሠራተኛውም፣ ዳኛውም ቤቱ ቁጭ ብሎ በማይክ የሚያወራ ሰው ነው። አልዋሽም፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። በዝርፊያ ስሙ የወጣ ጌም ውስጥ ቀይ መብራት ጠብቆ የሚነዳ ሹፌር ማየት ደስ ይላል። ቦሌ መንገድ ላይ ያጣሁትን ሹፌር እዚያ አገኘሁት።

ችግሩ በሩ ላይ ነው።

«ደረጃ አለን» የሚሉት ሰርቨሮች ዘው ተብሎ አይገባባቸውም። ማመልከቻ አለ። ዕድሜ፣ ልምድ፣ ቀድሞ የተጫወትክበት ቦታ። ከዚያ ፈተና። ሜታጌሚንግ ምንድን ነው? ገጸ ባሕሪህ ሊያውቅ የማይችለውን፣ አንተ ከሌላ ቦታ ስለሰማህ ብቻ እንዲያውቅ ማድረግ። ፓወርጌሚንግስ? ለሌላው አጸፋ ዕድል ሳትሰጥ የማይቻለውን ሁሉ መቻል። ቀጥሎ የገጸ ባሕሪህ የሕይወት ታሪክ። የእህቴ ልጅ ወላጆቹን በመኪና አደጋ ፈጃቸው። እናቱ ያኔ ጓዳ ሆና ሽሮ እያማሰለችለት ነበር። በዚያ ዓለም እናት አባቱ በሰላም ያሉለት አመልካች ያለ አይመስለኝም። ከዚያ መልስ መጣ፤ «ማመልከቻዎ በመታየት ላይ ነው።» ይቺን ዓረፍተ ነገር ቀበሌ የተመላለሰ ሁሉ ያውቃታል።

ከማመልከቻው በኋላ ቃለ መጠይቅ፣ ከቃለ መጠይቁ በኋላ የሙከራ ጊዜ። ፖሊስ ልሁን ካልክ ሥልጠና ትገባለህ። የሬዲዮ ኮድ ትሸመድዳለህ፤ «ተን ፎር» ማለት «ገብቶኛል» ነው። ሌባ በያዝክ ቁጥር ሪፖርት ትጽፋለህ። ቀን ቢሮ ሪፖርት ጽፎ የተማረረ ሰው፣ ማታ ለመዝናናት ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። «ዘገየህ» ብሎ የሚቆጣው አለቃም አለ። ቀን ደጅ ሲጠና የዋለ፣ ማታ ደጅ ያስጠናል።

ከሕጎቹ ሁሉ ያስደነቀኝ የፍርሃቱ ነው። ሽጉጥ ከተደቀነብህ መፍራት ግዴታህ ነው። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ለነፍሱ የማይሳሳ ገጸ ባሕሪ ጨዋታውን ያበላሻል። ግን ፍርሃትህን የሚመዝን ሰው ሲሾምብህስ? ልጁ አንዴ «በቂ ፍርሃት አላሳየህም» ተብሎ ተቀጣ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም አሉ። ከየት ይምጣ? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እናቱ እንዳትነቃ እያንሾካሾከ ነበር።

አንድ እሑድ ደግሞ ምሳ እየበላን ብድግ አለና «ችሎት አለኝ» አለ። የእህቴ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አድርገህ ነው የተከሰስከው?»

«አልተከሰስኩም እማ። ጠበቃ ነኝ።»

«ተመስገን! ማንን ልታስፈታ ነው ታዲያ?»

«ባንክ የዘረፈ ሰው።»

ምግቡን ከደነችለት።

በጽሑፍ ብቻ የሚጫወቱት ይብሳሉ። እነሱ ዘንድ ሰው የሚመደበው በሚጽፈው ርዝመት ነው። በአንድ መስመር የሚመልስ ተራ ነው። አንቀጽ በአንቀጽ ላይ የሚደርብ «ሊትሬት» ነው። ከሱ በላይ «አድቫንስድ ሊትሬት» የሚባሉ ሊቃውንት አሉ። «በሩን ከፍቶ ገባ» ብለህ ብትጽፍ አፈሩብህ። ሊቁ እንዲያ አይገባም። የበሩ እጀታ ይቀዘቅዘዋል፤ ቅዝቃዜው አያቱን ያስታውሰዋል፤ አያቱ ጦርነቱን ያስታውሱታል፤ ከጦርነቱ አንድ ዝናባማ ሌሊት ይመዘዛል። አራተኛው አንቀጽ አልቆ በሩ ገና አልተከፈተም። ውስጥ ሆኖ የሚጠብቀው ተጫዋች፣ ነገ ጠዋት ፈተና ያለበት ተማሪ፣ እንቅልፍ ጥሎታል።

ሕግ አይኑር አልልም። በሩን ወለል አድርገው ቢተዉት የሆነ ልጅ ከባድ መኪና ይዞ ጌሙ ውስጥ የተደገሰ ሠርግ ላይ ይገባና ሠርገኛውን ሁሉ ድጦ ይወጣል። ይሄ በየጊዜው የሚደርስ ነገር ነው። ሕጉ ግን ከአዲስ አበባ መብራት ጋር ሲገናኝ ጉድ ይፈላል።

ሊያዝ ሲል ከጌሙ የሚወጣ ተጫዋች ከባድ ጥፋት ፈጽሟል። ኮምባት ሎጊንግ ይሉታል። የእህቴ ልጅ ያን ቀን ሌባ ነበር። ፖሊስ ከቦት እጁን ሊያነሣ ሲል ድርግም! ሰፈሩ በሙሉ «ውይ!» አለ። መብራት ሲመጣ ልጁ ታግዷል። ይግባኝ ጻፈ። አውሮፓ የተቀመጠው አስተዳዳሪ «መብራት መሄዱን የሚያሳይ ማስረጃ አያይዝ» አለው። ልጁ ቀጣዩን ጠበቀ፤ ብዙ አላስጠበቀውም። በስልኩ ክፍሉን አነሣና ላከ። ጥቁር አራት ማዕዘን። «ምስሉ ግልጽ አይደለም» ተብሎ ይግባኙ ወደቀ።

ይሄ የሥልጣን ነገር ከጥንትም ነበር። ሮይ ትሩብሾው እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዙ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሙድ የተባለውን የጽሑፍ ጌም ሲጀምር፣ ሪቻርድ ባርትልም ሲያሳድገው፣ ነጥብ ያጠራቀመ ተጫዋች «ዊዛርድ» ይሆንና በተራው ተጫዋች ላይ ሥልጣን ያገኝ ነበር። ባርትል በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፈላቸው። ድል የሚሰበስቡ፣ ዓለሙን የሚያስሱ፣ ሰው ፍለጋ የሚመጡ፣ ሌላውን ለማጥቃት የሚመጡ። አምስተኛውን እኔ ልጨምርለት፤ ፎርም የሚመረምር። አይዋጋም፣ አያስስም፣ አያወራም። ቁጭ ብሎ «ያልተሟላ» እያለ ይመልሳል።

የእህቴ ልጅ ቅጣቱን ጨርሶ ሲመለስ የሆነው ይሄንኑ ነው። ታታሪነቱ ታይቶ የማመልከቻ መርማሪ ተደረገ። ሰሞኑን አንዱን ጣለው አሉ፤ «ወላጆቹ በመኪና አደጋ የሞቱ ገጸ ባሕሪ ፈጠራ ይጎድለዋል» በሚል። ባለፈው ስሄድ ከኮምፒውተሩ ፊት ግንባሩን ቋጥሮ አገኘሁት። ውዝፍ በዝቶበታል።

«ለመሆኑ ስንት ይከፍሉሃል?» አለችው እናቱ።

«እማ ደግሞ! በፈቃደኝነት እኮ ነው።»

«እንግዲያው ፈቃድህ ከሆነ ተነሥና ዳቦ ግዛልኝ።»

«ማመልከቻ እያየሁ ነው» አላት፣ ዞር ሳይል።