ስለ መዋጥ ፍተሻው ልጨምር
ስለ ስትሮክ (የአንጎል ደም መቋረጥ ወይም መፍሰስ) ታካሚ እንክብካቤ የወጣው ጽሑፍ ታካሚውን በየሁለት ሰዓቱ ስለ ማገላበጥ በደንብ ያስረዳል፤ አመጋገቡን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሳንባ ምች ትልቁ በር የሚከፈተው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ጉሮሮው ከደከመ የሚውጠው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። መዋጥ መቻሉ እስኪፈተሽ ድረስ ምግብም፣ ውሃም፣ ኪኒንም በአፍ አይሰጥም። እባካችሁ ኪኒኑን አትርሱ፤ «በትንሽ ውሃ ብቻ» እየተባለ የሚሾልከው እሱ ነው።

ለፍተሻው ታካሚው ነቅቶ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ይቆይ። አፉን አጽዱለት፣ በሻይ ማንኪያ ውሃ ጀምሩ፣ በዋጠ ቁጥር «አ» እንዲል አድርጉ። ካሳለ፣ ትን ካለው ወይም ድምፁ አክታ የያዘው ያህል እርጥብ ከሆነ እዚያው አቁሙና ለሐኪሙ አሳውቁ። ደህና ከሆነ 90 ሚሊ ሊትር ሳያቋርጥ ይጠጣ። ውሃ ቀላል ይመስላል እንጂ ፈጥኖ ስለሚወርድ የደከመ ጉሮሮ የአየር ቧንቧውን በጊዜ አይዘጋለትም። ሳይስል ወደ ሳንባው የሚያስገባም ታካሚ አለ፤ ስለዚህ ፍተሻውን ካለፈ በኋላም ትኩሳት ወይም ፈጣን ትንፋሽ ከታየበት በአፍ መስጠቱ ይቁምና እንደገና ይታይ።

ሲበላ ማንኪያው ስትሮኩ ባላደከመው የአፍ ጎን ይግባ። ሲጨርስ የደከመውን ጉንጭ ውስጡን እዩ፤ ምግብ እዚያ ተወትፎ ሲቀር አይታወቀውም። አፉ ከታጠበ በኋላም ቢያንስ 30 ደቂቃ ቁጭ ይበል። ስታስነሱት ደግሞ የደከመውን ክንድ አትጎትቱ፤ ጡንቻው ስለማይይዘው የትከሻው መገጣጠሚያ ከቦታው ይወጣል።