ሰንሰለት የውሻ ተፈጥሮ ሆኖ አያውቅም

በምንኖርበት ሕንፃ መግቢያ ላይ ባለፈው ሳምንት አንድ ወረቀት ተለጠፈ። የነዋሪዎች ኮሚቴው በየቤቱ የሚኖሩ ውሾች በ30 ቀን ውስጥ እንዲወጡ፣ ማስወጣት ያልፈለገ ደግሞ ከሕንፃው ጀርባ ባለው ጓሮ በሰንሰለት እንዲያስራቸው ወስኗል ይላል። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው፦ ጩኸት፣ ንጽሕናና ጤና። በነዚህ ላይ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይቻል ነበር። ደሜን ያፈላው ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው፣ ሊቀ መንበሩ ስብሰባውን ሲዘጉ የተናገሩት ነው፦ «የውሻ ተፈጥሮው ውጭ ታስሮ መጠበቅ ነው፤ ቤት ሲገባ ይበላሻል።» ተጨበጨበላቸውም።

እስከ ዛሬ አንገቱ ላይ ሰንሰለት ይዞ የተወለደ ቡችላ አላየሁም። ሰንሰለት የሚሠራው ፋብሪካ ውስጥ ነው።

ስለ ተፈጥሮ ማውራት ካማረን ግን እናውራ። በጀርመን፣ በቦን አጠገብ ኦበርካሰል በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1914 ድንጋይ ሲፈልጡ የነበሩ ሠራተኞች አንድ መቃብር አገኙ። ውስጡ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት አፅም ነበር፤ አብሯቸውም የውሻ አፅም። ዕድሜው 14,000 ዓመት ገደማ ነው። በኋላ ጥርሶቹን የመረመሩ ሰዎች እንደደረሱበት፣ ውሻው የሞተው ገና ሰባት ወር ገደማ ሲሆነው ነው፤ ከዚያ በፊትም ዲስቴምፐር የተባለው ክፉ የውሾች በሽታ ደጋግሞ ጥሎት ነበር። የሚያሞቀው፣ የሚያጸዳውና ውሃ የሚያጠጣው ሰው ባያገኝ ኖሮ ያን ያህል ሊቆይ አይችልም ነበር ይላሉ። እህል ገና አልተዘራም፤ በግና ላም ገና አልተላመዱም። እነዚያ ሰዎች ለነገ የሚሆን ምግብ የሌላቸው አዳኞች ናቸው። ታዲያ ክቡር ሊቀ መንበር፣ ታሞ የተኛ ቡችላ ምን ጠበቀላቸው? ማንን ነከሰላቸው? ጥበቃው የሌለ፣ አደኑ የሌለ፣ ትርፉ የሌለ እንስሳ እያስታመሙ ያኖሩት፣ ሲሞትም በአንድ መቃብር ያሳረፉት ስለምን ይመስልዎታል? እኔ መልሱን ከዚያ መቃብር አገኘዋለሁ፤ ውሻ ከመጀመሪያውም ቦታው ከሰው ጎን ነበር።

አካሉም ይህንኑ ይመሰክራል። ውሻ የቅንድቡን ውስጠኛ ጫፍ ወደ ላይ የሚያነሣ ጡንቻ አለው፤ ዘመዱ ተኩላ ዘንድ ግን ይህ ጡንቻ እምብዛም አይገኝም። ያ አንጀት የሚበላ አስተያየት የሚመጣው ከዚያ ነው። የሚያየው ሰው ለሌለው፣ ጓሮ ለሚታሰር እንስሳ ይህ ጡንቻ ምን ይሠራለታል? የሰውን ፊት እያነበበ፣ በሰውም እየተነበበ ሺህ ዘመናት የኖረን ፍጡር ለብቻው አስሮ «ተፈጥሮው ነው» ማለት ዓሣን ዛፍ ላይ ሰቅሎ አየር ያስፈልገዋል እንደማለት ነው።

የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም። የሚያስፈራው ነገር ሲመጣ ሌላው ውሻ ገለል ይላል፤ እርሱ ግን ያለው ጥርሱ ብቻ ነው። በአሜሪካ ዴንቨር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት ሰው የነከሱትን ካልነከሱት ጋር ሲያነጻጽር፣ በግቢ ታስረው የሚውሉ መሆን ከነካሾቹ ወገን የመገኘትን ዕድል ሦስት እጥፍ ገደማ ያደርገዋል ብሏል። ለልጆቻችን ደኅንነት የተወሰነው ውሳኔ እንግዲህ ይህ ነው! ጩኸቱስ? አሁን ውሾቹ በየቤታቸው፣ በየሰዎቻቸው እግር ሥር ተኝተው ያድራሉ። ሁሉም ተሰብስበው ከመኝታ ቤት መስኮታችን ሥር ጎን ለጎን ሲታሰሩ ዝም ይላሉ ብሎ ያሰበ ሰው የብቸኛ ውሻን ሌሊት ሰምቶ አያውቅም። ደግሞስ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባል የለ? ዛሬ በውሻ ጩኸት የተቀደደው አጥር ነገ የሕፃናት ለቅሶን አያስከስስም ያለው ማን ነው?

የጤናው ነገር አጭር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ገዳይ ነው፤ ሰው ላይ የሚደርሰውም ከሞላ ጎደል ሁሉ በውሻ ንክሻ ነው። መድኃኒቱ ግን ክትባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ስርጭቱን መግታት እንደሚቻል ደጋግሞ ተናግሯል። ወረቀታችን ላይ ክትባት የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ የለም። ከየቤቱ ተባርሮ መንገድ ላይ የሚወድቀውን ውሻ ማን ያስከትበዋል?

ቤታችንን ገነት አድርጌ ልስል አይደለም። ውሻችን ቡቺ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጥንድ ጫማ፣ የሶፋውን አንድ ክንድና የልጄን የሒሳብ ደብተር በልቷል (ደብተሩን ልጄ ራሱ እንዳቀበለው እጠረጥራለሁ)። ጠጉሩ ከጥቁር ልብስ አይለቅም። ዝናብም ይሁን ብርድ ጎሕ ሲቀድ ይዞት የሚወርድ ሰው ያስፈልጋል። ቤተሰቡ ተሟልቶ ጉዞ ከወጣ ስምንት ዓመት ሆነው፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቀራል። ጫማዬን ባኘከ ቀን ስጮኽበት ጆሮውን ጥሎ፣ አንገቱን ሰብሮ ሲያየኝ «ጥፋቱን አውቋል» ብዬ ነበር። አላወቀም። ተመራማሪዋ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየችው ያ የጥፋተኛ ፊት የሚመጣው ከባለቤቱ ቁጣ ነው፤ ምንም ያላጠፉ ውሾችም ሲቆጧቸው ያንኑ ፊት አሳይተዋል። ስብሰባው ላይ አንድ ጎረቤት «በር የሚቧጭሩት ለተንኮል ነው» ሲሉ ያን ቀን የጮኽሁትን አስታውሼ አፈርሁ።

ከእኛ ጋር «እሺ» እና «እንጃ» ብቻ የሚነጋገር የ15 ዓመት ልጅ አለኝ። ማታ ማታ ከቡቺ ጎን ወለሉ ላይ ይቀመጥና የዋለበትን ሁሉ ይዘረዝርለታል። እኔና እናቱ ትምህርት ቤት ምን እንደሆነ የምንሰማው ኮሪደሩ ላይ ቆመን፣ ትንፋሻችንን ውጠን ነው። ባለፈው ዓመት የቅርብ ጓደኛው ሲርቀው ምን ያህል እንደተጎዳ ያወቅነው እንዲህ ነው። ጓሮ እሰሩት የምንባለው ይህንን ውሻ ነው። ልጁንስ የት እንሰረው?

አንድ ነገር ብቻ እቀበላለሁ። በልጅነታቸው የተነከሱ፣ ደረጃ ላይ ውሻ ሲያዩ ጉልበታቸው የሚከዳቸው ጎረቤት አሉን። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው፤ ስለዚህ ቡቺ በማሰሪያ ሳይያዝ ከበራችን አይወጣም። የውሻውን ዐይነ ምድር መተላለፊያ ላይ ጥሎ የሚሄደው ባለቤትም ይቀጣ፤ ቡችላን ለልደት አሻንጉሊት አድርጎ ገዝቶ ሲያድግ የሚረሳው ደግሞ ከእርሱ የባሰ ነው። ኮሚቴው ሥራ ከፈለገ ይኸው፦ ወረቀቱን ይንቀልና የክትባት መዝገብ ይክፈት። የመጀመሪያውን ካርድ እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ቡቺ ይባላል፣ ቡናማ፣ አፉ አካባቢ ሽበት የጀመረው።