ለቀብር የምንወጣ፣ ለግድግዳ የምንቀር

የደሴ ሰዎች፣ ሐረጎን ወርዳችሁ ያላችሁ የኮምቦልቻ ወገኖቼም፣ ዛሬ የምናገረው ደስ አያሰኝም። ከወቀሳው ራሴን አላወጣሁም፤ እንዲያውም ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል።

ባለፈው ዓመት ከጦሳ ተራራ ግርጌ ወዳለችው ሰፈራችን አሥራ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች መጡ። ክረምት በመጣ ቁጥር ግድግዳዋ እየተናደ ለምትቸገር አንዲት እናት ቤት ሊሠሩላት ነው የመጡት። የአውሮፕላኑን፣ የሆቴሉን፣ የሚበሉትንም ሳይቀር የከፈሉት ከኪሳቸው ነው። አንዷ የጥርስ ሐኪም ናት፤ አንዱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፤ ሁለቱ ገና ኮሌጅ ያልጨረሱ ልጆች። አገር ለማየት፣ የሰው ባህል ለማወቅ ፈለጉ፤ ባዶ እጃችንን አይተን ከምንመለስ ብለው አካፋ ያዙ። እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ስለነበርኩ ለአስተርጓሚነት ተጠራሁ። ኮቴን ለብሼ፣ ጫማዬን ሊስትሮ አስጠርጌ ሄድኩ።

እንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተባለው ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 በአሜሪካ ጆርጂያ ተቋቁሞ፣ በጎ ፈቃደኞችን ከአገር አገር እየላከ ከቤቱ ባለቤት ጋር አብረው ቤት እንዲሠሩ ያደርጋል። እኛም አገር በዚያው አቆጣጠር ከ1993 ጀምሮ አለ። ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር ከ1984 አንስቶ ከባለቤታቸው ከሮዛሊን ጋር ለአሥርተ ዓመታት መዶሻ ይዘው ወጥተዋል። በ2019 በ95 ዓመታቸው ቤታቸው ውስጥ ወድቀው፣ ግንባራቸው ተሰፍቶ፣ ዓይናቸው በልዞ፣ በማግስቱ ናሽቪል ከሚሠራው ቤት ደጃፍ ተገኙ። አሜሪካን የመራ ሰው ነው የምላችሁ። የእኛ ሰፈር ጡረተኛ ግን፣ እኔን ማለቴ ነው፣ ጭቃ እንዳይነካው ኮቱን ሰብስቦ ቆሞ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ።

በሁለተኛው ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ጭቃው ጭድ ተጨምሮበት ቦክቷል። ከኮሌጅ ልጆች አንዷ ጫማዋን አውልቃ፣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ ገባችና ትረግጥ ጀመር። መጀመሪያ ትንሸራተት ነበር። የቤቷ ባለቤት እናት ሳቁባትና ገብተው ክንዷን ይዘው፣ ተረከዝን አስቀድሞ እንዴት እንደሚረገጥ አሳዩአት። ከሰዓት በኋላ ባሬላ ስትሸከም የዋለችበት መዳፏ ውሃ ቋጠረ። እናት ቅቤ አምጥተው እየቀቡላት፣ "ልጄ ጅዳ የሰው ቤት ይሠራል፤ ይቺ የሰው ልጅ ደግሞ መጥታ የእኔን ትሠራለች፤ የአላህ ሥራ" አሉ። እንድተረጉምላት ጠየቁኝ። ድምፄ እንቢ አለኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የድንጋይ አጥሩ ላይ ተደርድረው የሚመለከቱ የሰፈሩ ወጣቶች ነበሩ። ቆጥሬአቸዋለሁ፤ ዘጠኝ ናቸው። አንዱ ጠራኝና "መምህር፣ ለእነዚህ ሰዎች በቀን ስንት ይከፈላቸዋል?" አለኝ። የሚከፈላቸው የለም፣ እንዲያውም ከፍለው ነው የመጡት አልኩት። ዞር ብሎ ለጓደኞቹ ነገራቸውና ሁሉም ሳቁ። "ሞኞች ናቸው!" አለ።

ልጄ፣ አንተን ብቻ አልወቅስም። ያን ዕለት ከላይኛው መንገድ ቆመው ፎቶ ሲያነሱ የነበሩት አባቶችህ ናቸው። ማገርና ቋሚ የሸጠልን ነጋዴም የሰፈራችን ሰው ነው፤ እንግዶቹ ተከትለውን ሲገቡ ሲያይ ጠዋት በነገረን ዋጋ ላይ ግማሹን ጨመረበት። ከፈረንጅ የወሰደ መስሎታል። የወሰደው ግን ከአንዲት ጎረቤቱ ግድግዳ ላይ ነው፤ የቤቱ ገንዘብ አስቀድሞ የተወሰነ ስለነበር በጭማሪው ልክ ሌላ ሥራ ቀረ። ምን እንደቀረ በኋላ እነግራችኋለሁ።

አንድ ምሽት እንግዶቹን አይጠየፍ አዳራሽን አሳየኋቸው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ነው፣ ስሙም ማንም ሰው አይናቅም ማለት ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ተረጎምኩላቸው። ስለ ቅሬአችንም፣ ስለ ሰፈር እድራችን ማለት ነው፣ አወራሁ። ክርስቲያኑ ሲሞት ሙስሊሙ መቃብር ይቆፍራል፣ ሙስሊሙ ሲሞት ክርስቲያኑ ድንኳን ይተክላል፣ ያልወጣ ይቀጣል፣ ወሎ ማለት ይህ ነው አልኳቸው። ሐሰት የለበትም። የጥርስ ሐኪሟ በጥሞና ስታዳምጥ ቆይታ፣ "የአንዱ ቤት ሲወድቅስ ቅሬው ይወጣል?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አንዳንድ ጊዜ" አልኳት። ዋሸሁ።

ወገኖቼ፣ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን ለራሳችን ጠይቀነው እናውቃለን? ከከተማው ወጣ ብላችሁ ገጠሩን እዩት። ገበሬው ዛሬም በደቦ ያጭዳል፣ በወንፈል ያርሳል፣ ቤት ሲያዋቅር ጎረቤቱ ማገር ይዞ ይደርስለታል። እኛ አባቶቻችን ከዚያው ገጠር ወጥተው ከተማ ሲገቡ የቀብሩን ይዘን የግድግዳውን ሜዳ ላይ ጣልነው። እማማ ቢሞቱ (እድሜያቸውን ያርዝመው) መላው ሰፈር ሥራ ፈትቶ ይወጣ ነበር። ዘጠኙም ልጆች አስከሬን ለመሸከም ይሽቀዳደሙ ነበር። በሕይወት ሳሉ ዝናብ ሲገባባቸው ግን ባሬላቸውን የተሸከመው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ሆነ።

አቅም የለንም የሚል ካለ አይነግረኝ። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ጦርነቱ ወደ እኛ እየተቃረበ ሳለ ከወልድያና ከራያ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ ሲጎርፍ፣ ትምህርት ቤቶቹ ሞልተው ስንቶቻችን በራችንን ከፈትን? መሶባችንን ለማናውቀው ሰው አቀረብን። ጥቅምት ላይ እኛው ራሳችን ተሰደን ሌላ ሰው በር ላይ ቆምን። ጣራ ማጣት ምን እንደሆነ ለደሴ ሰው መንገር አያስፈልግም። ነገሩ ሲያልፍ ግን ወደ አጥራችን ተመለስን።

በየክረምቱ የአረጋውያን ቤት ይታደስ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይታደሳል፤ ይህም ጥሩ ነው። ነገር ግን ባንዲራ ተይዞ፣ ኮፍያና ካናቴራ ተለብሶ፣ አንድ እፍኝ ጭቃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ፎቶ ተነስቶ በአምስት ሰዓት የሚበተነውን ስብስብ በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረውን የጨረሰው የቀን ሠራተኛ ነው።

"ለአውሮፕላን ያወጡት ገንዘብ ስንት ቤት ይሠራ ነበር" የሚል ሙግትም ሰምቻለሁ። እውነት አለው። እንግዶቹ አናጢዎችም አይደሉም፤ የመጀመሪያውን ማገር አጣመው ስለመቱት የእኛው አናጢ ማታ እነሱ ከሄዱ በኋላ ሚስማሩን ነቅሎ እንደገና ሠራው፣ ለማንም አልተናገረም። ነገር ግን ይህን ሙግት የነገረኝ ሰው ቡና ቤት ተቀምጦ ነበር፤ የሚሠራው ቤት ከተቀመጠበት አምስት ደቂቃ አያስኬድም።

እናንተ ደግሞ፣ ውጭ አገር ሄጄ በጎ ፈቃደኛ ልሁን፣ የሌላውን ባህል ልይ ብላችሁ እኔ ዘንድ የመጣችሁ አራት ልጆች፤ ምኞታችሁን አልነቅፍም። አገር ማየት ዕውቀት ነው፤ እኔም በእናንተ ዕድሜ ባገኝ እሄድ ነበር። ቅጹን አብረን ሞላን። ሦስተኛው ገጽ ላይ "እስካሁን በምትኖርበት አካባቢ የሰጠኸውን አገልግሎት ግለጽ" ይላል። አራታችሁም ባዶውን አልፋችሁት፣ መጨረሻ ላይ ተመልሳችሁ "መምህር፣ እዚህ ጋ ምን እንበል?" አላችሁኝ። ቅጾቹ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው።

እኔ በሦስተኛው ቀን ኮቴን አጥሩ ላይ ሰቅዬ ገባሁ። ጀግንነት አይደለም፤ እማማ በአቦሉ "መምህር፣ አንተ ታመሃል እንዴ?" ብለው ስለጠየቁኝ ነው። ከዚያ እስከ በረካው ድረስ ቀና ብዬ አላየኋቸውም። በአሥረኛው ቀን ማታ ሲመርቁ አሥራ ሁለቱም መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን ይሉ ነበር፤ ቃሉን ማንም አላስተማራቸውም፣ ሰምተው ነው የያዙት።

አሁን ወደቀረው ሥራ ልመለስ። በእንጨቱ ጭማሪ ምክንያት የጓሮው ግድግዳ ማገሩ ብቻ ተመትቶ ሳይመረግ ቆሟል። እማማ በጆንያና በላስቲክ ሸፍነውታል። ግንቦት እያለቀ ነው። ጭዱን ከሰኞ ገበያ ገዝቼ አስገብቻለሁ፤ አፈሩ ተቆፍሯል፤ ረቡዕ ውሃ እናጠጣውና ይቦካል። ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እንጀምራለን። አጥሩ ላይ የተቀመጣችሁት ዘጠኛችሁ፣ ቅጽ የሞላችሁት አራታችሁ፣ እንጨት የሸጥክልንም ወንድሜ፣ ቤቱን ታውቁታላችሁ። ባሬላ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ፤ የእኛው አንድ እጀታው ተሰብሯል።