ማስተካከያ፦ የታሊሊን ባቡር ተዘግቶ አልነበረም

ስለ ታሊሊን የባቡር መስመርና በታዊን ጣቢያው ስላለው አነስተኛ የጠባብ ሐዲድ (በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት ከመደበኛው ያነሰ) ባቡር ሙዚየም ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ በጎ ፈቃደኞች «ተዘግቶ የነበረውን የእንግሊዝ ባቡር» እንደገና እንደከፈቱት ተገልጿል። ይህ መታረም አለበት።

ቦታው ዌልስ ነው፤ የአገሩ ሰዎች ይህን ስሕተት በቀላሉ አያልፉትም። መዘጋቱን በተመለከተ ግን ነገሩ ከዚህም ይከብዳል፤ የበጎ ፈቃደኞቹ ሥራ ትርጉም ያለው እዚያ ላይ ነውና። መስመሩ በ1860ዎቹ (ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተሠራው ለቤት ክዳን የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ከተራራው ለማውረድ ነበር። የድንጋይ ካባው በ1946 ሥራ ቢያቆምም ባለንብረቱ ሰር ሄንሪ ሄይደን ጆንስ በ1950 እስኪሞቱ ድረስ በበጋ መንገደኛ ማጓጓዙን አላቋረጡም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በበርሚንግሃም የተሰበሰቡ የባቡሩ ወዳጆች ማኅበር አቋቋሙ፤ ግንቦት 14 ቀን 1951 ባቡሩን ራሳቸው አስነሡ። የወረሱት የበሰበሰ ሐዲድና በ1866 የተሠራችውን፣ ያኔ ልትሠራ የምትችለውን ብቸኛ ሎኮሞቲቭ ዶልጎክን ነበር። አሮጌ ይባል እንጂ የቆመ አይባልም።

ሙዚየሙም የታሊሊን ዕቃ ብቻ ማከማቻ ተደርጎ መቅረቡ ትክክል አይደለም። ከደብሊኑ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ የመጣ ሎኮሞቲቭም እዚያ አለ።

«ጠባብ ሐዲድ» ሲባል የድሮውን የጅቡቲ ባቡር ያሰቡ አንባቢዎች ደግሞ ልዩነቱን ልብ ይበሉ፦ የእኛው ስፋት 1 ሜትር፣ የታሊሊን 686 ሚሊ ሜትር ነው።