በሞቴ፣ አንቺ ልበሺው!

ጀግና ፍለጋ ሐውልት ለሐውልት አትዙሩ። አጥንት የሚጠገንበት ቀዶ ሕክምና ክፍል ግቡ። በሽተኛው ተኝቷል። ሲ-አርም የሚሉት፣ ግማሽ ቀለበት የመሰለው የራጅ ማሽን አጠገቡ ቆሟል። ሰርጀኑ "ሾት!" ይላል። ማሽኑ ይተኩሳል። ንቅንቅ የሚል ሰው የለም።

ጨረር የሚከላከለው የእርሳስ ብረት ሽርጥ፣ ኤፕረን የሚሉት፣ የለም እንዴ? አለ እንጂ! እኛ ስድስት፣ እሱ ሦስት። ካፌ ሂሳብ ሲመጣ እንዴት እንደምንታገል ታውቃላችሁ። እዚህም ያው ነው።

"ዶክተር፣ እርስዎ ይልበሱ።"

"ኧረ ሲስተር፣ አንቺ ገና ትወልጃለሽ። በሞቴ፣ አንቺ ልበሺው!"

"በእኔ ሞት ዶክተር! እኔማ ለምጄዋለሁ።"

ጨረር እንደ ሚጥሚጣ የሚለመድ መሆኑን ያወቅነው እኛ ብቻ ነን። ግብዣው ሳያልቅ ሾቱ ያልቃል። ኤፕረኑም አራት ቦታ ታጥፎ ወንበር ላይ ያርፋል። ግማሽ ሚሊ ሜትር እርሳስ ከበሽተኛው ገላ ከሚበተነው ጨረር ከ90 በመቶ በላዩን ያስቀራል ይላሉ። እውነት ነው፤ ሲታጠፍ ውስጡ ካልተሰነጠቀ። መስቀያማ ተሰጥቶት ነበር። ጃኬታችንን ሰቀልንበት።

ፈሪዎች ደግሞ አይጠፉም። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ዓይን ሌንስ ተጨነቀ። ለሠራተኛ በዓመት 150 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) የነበረውን ገደብ፣ በአምስት ዓመት አማካይ ወደ 20 አወረደው። ሞራ እንዳይመጣ ነው አሉ። እኛ ግን ጨረሩ የሚወጣበትን አምፖል ከአልጋው በላይ እናደርገዋለን። ከታች ሲሆን አብዛኛው የሚበተነው ወደ እግር ነበር። ከላይ ሲሆን ፊት ፊታችንን ይለናል። ከዓይን ምን ይደበቃል?

ሰርጀናችንንማ ማመስገን አያልቅም። ማሽኑ የመጨረሻውን ምስል ስክሪኑ ላይ አስቀርቶ ያቆይለታል። እሱ ግን የቆመ ፎቶ አይወድም፤ ቀጥታ ሥርጭት ነው የሚፈልገው። ፔዳሉን ይረግጣል፣ አጥንቱንም በእጁ ይዞ አብሮ ስክሪን ላይ ይወጣል። የአሜሪካዊው ፈልሳፊ የቶማስ ኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊም እጁን እንዲህ እየዘረጋ ነበር የራጅ አምፖል የሚሞክረው። መጀመሪያ ክንዶቹ ተቆረጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ራሱም ሞተ። ኤዲሰን የረዳቱን ጉዳት አይቶ የራጅ ሥራ በቃኝ አለ። ቶሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው!

ስለ ባጁ ሳልናገር ባልፍ ኩራቴ ይቆጨዋል። የምንወስደውን ጨረር የሚመዘግበው ይህ ዕቃ ደረት ላይ ይለጠፋል ተብሎ ታደለን። የኔ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከእስክሪብቶና ከቁልፍ ጋር። በየጊዜው ተወስዶ ይነበባል። ውጤቱ? ዜሮ! መሳቢያዬ ፍጹም ጤነኛ ነው። አለቃችን ሪፖርቱን አይቶ "ጎበዞች" ብሎናል።

መራቅ የሚባል ነገርም አለ። ከበሽተኛው አንድ ሜትር ላይ ያለ ሰው ሸሽቶ ሁለት ሜትር ላይ ቢቆም የሚደርሰው ጨረር ሩብ ያህል ይሆናል። ሳንቲም አያስወጣም። ግን ወደኋላ መሸሽ ለኛ ዘር አይሆንም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ነርስ መጣች። ኤፕረን ለብሳ፣ አንገቷን በመከለያው ሸፍና፣ ባጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ገባች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "ጨረቃ ላይ ልትወጪ ነው እንዴ?" አልናት። ዝም አለች። ሰርጀኑ "ሾት!" ሲል ሁለት እርምጃ ወደኋላ ተራመደች።

ዞር ብትል ከእጁ ሥራ መነሳት ያልቻለው ሰርጀን ሲቀር፣ ጀግኖቹ በሙሉ ከጀርባዋ ተሰልፈናል።