የንባብ ዝርዝር ቅደም ተከተል ይኑረው

በቅርቡ አንድ ወዳጄ «ለግእዝ ፊሎሎጂ (የጥንት ጽሑፎች ጥናት) ተማሪዎች የሚሆን የንባብ ዝርዝር» ብሎ በቴሌግራም ላከልኝ። ከመቶ በላይ ሊንክ አለው። ሰዋስው፣ መዝገበ ቃላት፣ የብራና ካታሎግ፣ ገድል፣ ዜና መዋዕል፣ ሁሉም እንደተገኘ ተደርድሯል። የቱ እንደሚቀድም፣ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ፣ ለምን እንደሚጠቅም የሚናገር አንድ መስመር እንኳ የለበትም። አዘጋጁ በቅንነት እንደደከመበት ያስታውቃል፤ ድካሙንም አከብራለሁ። ግን ይህን ዝርዝር ዛሬ ግእዝ ለሚጀምር ልጅ ብሰጠው ፋይሎቹን ስልኩ ላይ ያወርዳቸዋል እንጂ አንዱንም አንብቦ አይጨርስም ብዬ እሰጋለሁ።

በዝርዝሩ ራስ ላይ ያለው የጀርመናዊው ሊቅ የዲልማን መዝገበ ቃላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 የታተመ፣ ምሁራን እስከ ዛሬ ከእጃቸው የማይለዩት ትልቅ ሥራ ነው። የግእዙን ቃል የሚፈታው ግን በላቲን ነው። የዚሁ ሰው ሰዋስው በ1857 በጀርመንኛ ወጣ፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም የታተመው በ1907 ነው። ይህን የሚነግር ግማሽ መስመር ቢጨመር ተማሪው ላቲን ላይ አፍጥጦ ተስፋ አይቆርጥም ነበር። መዝገበ ቃላቱ ቃላትን በየሥርወ ቃላቸው ስለሚደረድር፣ «መጽሐፍ» የሚለውን «መ» ሥር ፈልጎ ያጣ ልጅም «ጸሐፈ» ሥር ፈልገው የሚለው ሰው ያሻዋል።

የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ግን ወደ ታች ወርዶ፣ ሰባኛው ገደማ ላይ ነው ያገኘሁት። ይሄ ያሳዝነኛል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፣ ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ያስፋፉት፣ ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት የሦስት ሊቃውንት ልፋት ነው። ግእዙን በአማርኛ ይፈታል፤ ዕውቀቱም ከጉባኤ ቤት የተቀዳ ነው። በአማርኛ አፉን የፈታ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ይህንን ነው።

እሱም ቢሆን ማስታወሻ ይፈልጋል። ቃላቱ የተደረደሩት በሀለሐመ ሳይሆን አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ በሚሄደው በአበገደ ተራ ነው። እኔ መጀመሪያ የከፈትኩት ዕለት «አመነ»ን ከመጽሐፉ መሐል ስፈልግ አመሸሁ፤ ሀለሐመ ለለመደ ዓይን «አ» ከ«ነ» በኋላ ነውና። በአበገደ ግን «አ» የመጀመሪያው ፊደል ነው። ከሰዋስው ክፍሉ አልፌ መዝገበ ቃላቱ እንደጀመረ ባየው ኖሮ ቃሉ ከፊቴ ነበር። ዲልማን በሀለሐመ ነው የሄደው። የሴም ቋንቋዎች ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመው የግእዝ ሥርወ ቃላዊ መዝገበ ቃላት ደግሞ በላቲን ፊደል ተራ ነው። ሦስት መዝገበ ቃላት፣ ሦስት ተራ፤ ዝርዝሩ ግን ስለዚህ አንድም ቃል አይተነፍስም።

ሌላም የማያስደስተኝ ነገር አለ። በነጻ የሚወርደው በአብዛኛው የባለቤትነት መብቱ ጊዜ ያለፈበት አሮጌ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ በነጻ ፋይሎች ብቻ የተሠራ ዝርዝር ተማሪውን ሳያውቀው የዛሬ መቶ ዓመት ጥናት ላይ ያስቀረዋል። መጽሐፈ ሄኖክን እንይ። ሙሉው ተርፎ የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1851 የግእዙን ንባብ ያሳተመው አምስት የብራና ቅጂዎችን አመሳክሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ እነዚያን በዕድሜ የሚቀድሙ ቅጂዎች ታውቀዋል፤ በጣና ሐይቅ ከክብራን ገብርኤል የተገኘው የ15ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂ አንዱ ነው። በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የመጽሐፉ የአረማይስጥ ቁርጥራጮችም እ.ኤ.አ. በ1976 ታትመዋል። በ1851ዱ እትም ብቻ ስለ አንድ ጥቅስ የሚከራከር ተማሪ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ አሮጌውን እትም ያለ ማስጠንቀቂያ የሰጠው ሰው ጥፋት ነው።

ቅደም ተከተል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የአብነት ተማሪ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ ፊደለ ሐዋርያ (የመጀመሪያይቱ የዮሐንስ መልእክት)፣ ወደ ወንጌል፣ ወደ ዳዊት ይሻገራል፤ ያንኑ ንባብ ግእዝ፣ ውርድ፣ ቁም በሚባሉት የንባብ ስልቶች ይመላለስበታል። ከዚያ ነው ዜማው፣ ቅኔው፣ ትርጓሜው የሚመጣው። ዳዊት ያልደገመ ልጅ ቅኔ እንዲቆጥር የሚያዝ የኔታ የለም። ይህ ሥርዓት ትውልዶች ሲፈትኑት የኖሩ የንባብ ዝርዝር ነው፤ በኢንተርኔት የምናዘጋጀው ከዚህ ያነሰ እንዲሆን የሚያስገድደን ነገር አይታየኝም።

ዛሬ ደግሞ አያቶቻችን ያላገኙትን አግኝተናል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ ያነሳቸው ብዙ ሺህ ብራናዎች አሉ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ካታሎግ ሲያዘጋጁላቸው ኖረዋል። ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ከእነዚህ ብዙዎቹን በድረ ገጹ በነጻ ያሳያል። የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ «ቤተ መጻሕፍት» በሚል ስም የግእዝ ብራናዎችን መረጃ እያደራጀ ነው።

እኔ ለጀማሪ ዝርዝር ባዘጋጅ ከአምስት መጻሕፍት አላልፍም፤ ኪዳነ ወልድን ከነአበገደው ማስታወሻ አስቀድማለሁ። ከአምስቱ ቀጥሎ የምጽፈው የመጽሐፍ ስም አይሆንም። ከእነዚህ ብራናዎች አንድ የመዝሙረ ዳዊት ገጽ ክፈት፣ በእጅህ ገልብጠው፣ ከታተመው ዳዊት ጋር ቃል በቃል አመሳክር። ጸሐፊው «ንጉሥ»ን በእሳቱ «ሰ» ጽፎት እንደሆነ አስምርበት፤ ሐመሩን «ሐ» እና ብዙኃኑን «ኀ» የት የት እንዳለዋወጠ በኅዳጉ ላይ መዝግብ። ከዚያ መዝገበ ቃላቱን ክፈትና ቃሉን በየትኛው ፊደል ሥር እንደምታገኘው እይ።